ስለ ፈንዲሻ አደራረቅ

ከአምቦ ወይም ከጉደር ገበያ የተሸመተ ፈንዲሻ በበዓል ቀን እንግዳ ተቀምጦ ሳለ አልፈነዳ ሲል፣ ሻጪቱ ትወቀሳለች፤ እኛም ወቅሰናል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የአደራረቁ ነው። ፈንዲሻን የሚያፈነዳው በፍሬው ውስጥ የታመቀው ውሃ ነውና፤ ሙቀቱ 180 ዲግሪ ያህል ሲደርስ እንፋሎቱ ጠንካራውን ቅርፊት ይበረግደዋል። ለዚህም ከፍሬው ክብደት ከ100 እጅ 13 ወይም 14 እጅ ውሃ ሊኖር ይገባል። ከበዛ የሚፈነዳው ትንሽና ጠጣር ይሆናል፤ ካነሰም ጥሬው ይበዛል። ስለዚህ ከነቆረቆንዳው፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ፣ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ከእሳት አጠገብ በችኮላ የደረቀው ቅርፊቱ ስለሚሰነጠቅ እንፋሎቱ ያመልጣል፤ ይህስ መድኃኒት የለውም። ከልክ በላይ ለደረቀው ግን አለው፤ አንድ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ጨምሮ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ አርከፍክፎ፣ ከድኖ እየነቀነቁ ሁለት ሦስት ቀን ማቆየት ነው።