«ዛሬስ ይተኛልኝ»

ባለፈው ክረምት ደባርቅ ውስጥ አንድ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸውና እግራቸው አልታዘዝ አለ። ጎንደር ታክመው 100 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ተጉዘው ቤታቸው እንደ ገቡ እኛም ተከተልናቸው። ቀን ጠያቂ፣ ማታ የጸሎት ቡድን፤ የቡናው ጀበና ከእሳት አልወረደም። የአዳር ጸሎቱን ፕሮግራም ያወጣሁት እኔው ነኝ። በአራተኛው ሌሊት ባለቤታቸው በር ላይ ይዘውኝ፣ «ፓስተር፣ እባክዎ ዛሬስ ይተኛልኝ» አሉኝ። አፈርኩ።

እኛ አገልጋዮች ስለ እንቅልፍ ስንሰብክ ወቀሳ ይቀናናል። ጌቴሴማኒን እንጠቅሳለን፤ ታካቹን ወደ ጉንዳን እንልካለን። 1ኛ ነገሥት 19ን ግን ተመልከቱ። ኤልያስ ሞቱን በለመነበት ቀን መልአኩ አልገሠጸውም። አበላው፣ አጠጣው፤ ነቢዩም ተመልሶ ተኛ። «ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ቆይቶ፣ ኮሬብ ሲደርስ ነው።

ቀን በፊዚዮቴራፒ ጣቱን ለማጠፍ ሲታገል የዋለ ሰው የተማረውን አንጎሉ የሚያጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ሁለት እንግዳ ካነጋገረ በኋላ የሚጥለው ድካምም ስንፍና ወይም የእምነት ማነስ አይደለም፤ ከስትሮክ በኋላ የተለመደና ለወራት ሊቆይ የሚችል የሕመሙ አካል ነው። ዕረፍት ስል ግን ቀኑን ሙሉ መጋደም ማለቴ አይደለም፤ ሐኪሙ ያዘዘው እንቅስቃሴ አይቅር። እያንኮራፋ በመሐል ትንፋሹ የሚቋረጥ ከሆነ ለሐኪም ይነገር፤ ይህ የደም ግፊትን ያባብሳል። ድንገት ከወትሮው ውጭ ደንዝዞ አልነቃ ካለ ደግሞ «ይረፍ» አይባልም፤ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ነው።

«ታዲያ ጸሎቱ ይቅር?» ያሉኝ አሉ። ማን ይቅር አለ? የመቶ አለቃው ብላቴና ሽባ ሆኖ ቤት ተኝቶ ሳለ፣ ጌታ ደጁን ሳይረግጥ ፈውሶታል። የእኛ ጸሎት ከአልጋው ራስጌ ካልሆነ አይሰማም ያለን ማን ነው?

አሁን ቡድኑ የሚጸልየው በቤተ ክርስቲያን ነው። ጠያቂ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሁለት ሆኖ ይገባል፤ ቡና አይፈላም። አንዲት እህት ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን እየሄደች ባለቤታቸውን ታሳርፋለች፤ እርሳቸውም ለካ እንቅልፍ ካዩ ቆይተዋል።

ባለፈው ሐሙስ ስሄድ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሁለቱም ተኝተዋል። የያዝኩትን ድንች ለጎረቤት ሰጥቼ ተመለስኩ።