የፋይል ሰርቨሩ በር ክፍት አይደር!

ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ አገልግሎት፣ ባለሙያዎች ኤስኤምቢ በሚሉት፣ ላይ የጀመረው ቁጥጥር የማጥበቅ ሥራ ትክክለኛ ነው። ዘግይቷል፤ ቢሆንም ትክክል ነው። ቅሬታችን ዋናው ሰርቨር ዘንድ ሲደርስ መለሳለሱ ላይ ነው።

ጉዳዩ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ የደረሰው ብልሽት መስሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ዊንዶውስ 11 24ኤች2 ከተጫነ በኋላ፣ ለዓመታት ወደ ሼርድ ፎልደር ሰነድ ሲልክ የኖረ ስካነር በድንገት እምቢ ይላል። ያለ ይለፍ ቃል ይከፈት የነበረ አሮጌ የኔትወርክ ማከማቻም እንዲሁ። “አፕዴቱ አበላሸው” ተብሎ የአይቲ ክፍሉ ይጠራል።

አፕዴቱ ያበላሸው ነገር የለም። የፕሮ፣ የኢንተርፕራይዝና የኤዱኬሽን ዕትሞች አሁን የሚልኩትም ሆነ የሚቀበሉት የፋይል መልእክት የግድ እንዲፈረም ይጠይቃሉ። ፊርማው ተጠቃሚው ማንነቱን ሲያረጋግጥ ከሚፈጠር ቁልፍ የሚሰላ ነው፤ መንገድ ላይ ጠልፎ አንዲት ፊደል የለወጠ ወዲያው ይጋለጣል። ያለ ይለፍ ቃል በእንግድነት የገባ ግን ቁልፍ የለውም፤ ስለዚህ ሊፈርም አይችልም። ያ አሮጌ ማከማቻ በር ላይ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ፊርማው ራሱ ከዊንዶውስ 98 እና 2000 ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል “ከፈለጋችሁ አብሩት” ተብሎ ተቀመጠ፤ አብዛኛው ሰው አላበራውም። አደገኛ ነገር ለተጠቃሚው ምርጫ ሲተው ምን እንደሚከተል ደግሞ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ታይቷል። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የብሪታንያ ሆስፒታሎችን ሳይቀር ያሽመደመደው በአሮጌው ኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ ገብቶ ነው። መድፈኛው ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። በእርግጥ ፊርማ ዋናክራይን ባላስቆመው ነበር፤ አሮጌው ፕሮቶኮል በየኮምፒውተሩ ሳያስፈልግ በርቶ ባይገኝ ግን ጥፋቱ ያን ያህል አይሰፋም ነበር። ኩባንያው በዚያው ዓመት ኤስኤምቢ 1ን በአዳዲስ ዕትሞቹ ላይ በነባሪነት መጫን ማቆም ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ፋይሎቹን ጨርሶ ከሲስተሙ የማውጣት ዕቅዱን አሳወቀ። ይህን ዕቅድ ያለማመንታት እንደግፋለን። ኤንቲኤልኤም የተባለውን ያረጀ የማንነት ማረጋገጫ በከርቤሮስ የመተካቱንም እንዲሁ።

ከማሻሻያዎቹ ሁሉ ልባችንን የገዛው ግን ትንሹ ነው። የተሳሳተ ይለፍ ቃል በገባ ቁጥር ሰርቨሩ ሁለት ሰከንድ ይዘገያል። ጣቱ የሳተ ሠራተኛ ልብ እንኳ አይለውም። በሰከንድ 300 ይለፍ ቃል እየሞከረ በአምስት ደቂቃ 90,000 ይጨርስ የነበረ ሰርጎ ገብ ግን ለዚያው ሥራ 50 ሰዓት ይፈጅበታል። እንዲህ ያለ ርካሽ መላ ለምን እስከዛሬ እንደዘገየ ቢያስረዱን ደስ ይለናል።

አሁን ወደ ቅሬታችን። ዊንዶውስ ሰርቨር 2025 በነባሪ ቅንብሩ ፊርማን የሚያስገድደው ራሱ ወደ ሌላ ማሽን ሲወጣ ብቻ ነው፤ ወደ እሱ ለሚመጡት አያስገድድም። የደመወዝ መዝገቡ፣ የውል ሰነዱ፣ የታካሚው ፋይል ያለው ግን ሰርቨሩ ላይ ነው! አሮጌ ዕቃ ያላቸው ደንበኞች እንዳይቸገሩ ነው ቢባል፣ ችግሩን መቋቋም ያለበት የጸሐፊዋ ኮምፒውተር ሆኖ ሰርቨሩ የሚታለፍበት ምክንያት አይገባንም። ፊርማ ፍጥነት ይቀንሳል የሚለውም እውነትነት አለው፤ ዛሬ ባሉት ፕሮሰሰሮች ግን ለአብዛኛው ቢሮ ይህ ምክንያት አይሆንም። መፈረም የማይችሉ መሣሪያዎችን መዝግቦ የሚያሳይ መከታተያ በዚሁ ዕትም ውስጥ ተካትቷል። ስለዚህ ማይክሮሶፍት ለገቢ ግንኙነትም ቁርጥ ያለ ቀን ያስታውቅ።

እስከዚያው ኃላፊነቱ የየመሥሪያ ቤቱ ነው። ለአንድ ስካነር ሲባል የመላውን ቢሮ ፊርማ ማጥፋት ተቀባይነት የለውም። ለስካነሩ የራሱ የተጠቃሚ ስምና ይለፍ ቃል ይሰጠው፤ ሶፍትዌሩ ይታደስ፤ ሁለቱም ካልሆነለት ይቀየር። የግዥ ክፍሎችም በሚቀጥለው የጨረታ ሰነዳቸው ላይ፣ ከወረቀት መጠንና ከቀለም ዋጋ ጎን፣ “ኤስኤምቢ 3 እና ፊርማ የሚደግፍ” የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ።