ከራስ በላይ ነፋስ ብቻ አይደለም

ወጣቶች ሆይ፤ «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ይህን ተረት የኑሮው ሕግ ያደረገ ሰው በደኅና ቀን ብዙም አይታወቅበትም፤ በመከራ ቀን ግን ይገለጣል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በኢጣሊያ አገር በጸና ጊዜ፣ መንግሥቱ ማርች 9 ቀን ለሥራ፣ ለሕክምና ወይም ለብርቱ ችግር ካልሆነ በቀር ሰው ሁሉ በቤቱ እንዲቆይ አዘዘ። የወጣም ሰው የወጣበትን ምክንያት በወረቀት ጽፎና ፈርሞ ለፖሊስ ማሳየት ነበረበት። በዚያን ጊዜ፣ በዚያም በሌላም አገር፣ ሞተር ብስክሌት የሚወዱ ሰዎች እንዲህ ሲሉ ይከራከሩ ነበር፤ «በቤት መዘጋት አእምሮዬን አስጨነቀው፤ ጥቂት ነፋስ ልቀበል። ብቻዬን እነዳለሁ፤ የራስ ቁርም አድርጌአለሁ፤ በሽታውን ለማን አስተላልፋለሁ?»

ይህ ክርክር የሞኝ ክርክር አይደለም። ብቻውን የሚነዳ ሰው በሽታ የሚያዛምትበት መንገድ በእውነት ጠባብ ነው። ነገር ግን ክርክሩ አንድ ነገር ይሰውራል፤ እርሱም መውደቅ ነው። በሞተር ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው እንደ መኪና ነጂ ዙሪያውን በብረት አልተከለለም፤ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ የፈሰሰ ጥቂት ጠጠር ይጥለዋል። የወደቀውም ሰው አምቡላንስ፣ አልጋና ሐኪም፣ ደረቱ ከተጎዳም የመተንፈሻ መሣሪያ ያስፈልገዋል። በዚያ ወር ግን በቤርጋሞ ከተማ ሐኪሞችን ያስጨነቃቸው የእነዚሁ ነገሮች እጥረት ነበር። ማርች 18 ቀን ማታ የጦር ሠራዊት ካሚዮኖች የሬሳ ሣጥን ጭነው ከከተማዪቱ የወጡት፣ የከተማዪቱ ሬሳ ማቃጠያ የሟቹን ብዛት ስላልቻለው ነበር።

እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። ነፋስ ልቀበል ብሎ ወጥቶ የወደቀ ሰው የሚተኛበት አልጋ፣ እስትንፋስ ያጠረው ሽማግሌ የሚጠብቀው አልጋ ነው።

«እኔ ጎበዝ ነጂ ነኝ፤ አልወድቅም» የሚል ይኖራል። ልውደቅ ብሎ ከቤቱ የሚወጣ ማን አለ? «ጭንቀትም እኮ በሽታ ነው» የሚልም ይኖራል። እውነቱን ነው፤ በጭንቀት ላይ ያለ ሰው ሊታዘንለት ይገባል። ሆኖም በአገሪቱ ጠቅላላ ትእዛዝ ከቤት አጠገብ ለብቻ በእግር መንቀሳቀስ የተፈቀደ ነበር። ስልክ አንሥቶ ከወዳጅ ጋር መጨዋወት፣ መጽሐፍ መግለጥ፣ መስኮት ከፍቶ ሰማይን ማየትም የከለከለ አልነበረም። ስለዚህ የተከለከለው ዕረፍት ሳይሆን፣ ዋጋውን ሌላ ሰው የሚከፍልበት ዕረፍት ነው።

ሜይ 4 ቀን ትእዛዙ ላላ። የተጠየቀው ትዕግሥት ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ተራራውና መንገዱ በነበሩበት ቆዩ፤ የታገሠ ሁሉ ኋላ ሄደባቸው። የሞተ ሰው ግን አይመለስም።

ወጣቶች ሆይ፤ ክፉ ቀን ዳግመኛ ቢመጣ፣ አባቶች የተረቱትን ሙሉ አድርጋችሁ አስቡት፤ ከራስ በላይ ነፋስ ብቻ ሳይሆን የሌላ ሰው እስትንፋስም አለ።