ድንጋይ ላይ የቆመው ላንድክሩዘር

በብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጓሮ ጎማው ወልቆ ድንጋይ ላይ የቆመ አሮጌ ላንድክሩዘር አይጠፋም፤ ሣሩ በሩ ድረስ በቅሎበታል። ሰቆታ ውስጥ እንዲህ ያለው መኪና ለሐራጅ ከመውጣቱ በፊት ለቴክኒክና ሙያ ሰልጣኞች ሊሰጥ ይገባል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ያመረተው የ40 ተከታታይ ሞዴል ኮምፒውተር የለበትም፤ ብልሽቱ በጆሮ ይሰማል፣ በእጅ ይዳሰሳል። ሰልጣኙ የዛገውን ቡሎን በናፍጣ ነክሮ ያሳድራል፤ በማግሥቱ ዙሪያውን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ፣ እንዳይሰበርበት እየሰጋ ቁልፉን ያስገባል። ባሌስትራውን ፈቶ ብረቶቹን አንድ በአንድ ሲለያይ ወደ ዝቋላና አበርገሌ ቆላ የሚወርደው ኮረኮንች የት የት ላይ እንደበላቸው ያያል። ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ የሚሉትን ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላትም እዚያው ከመካኒኩ አፍ ይለቅማቸዋል፤ የትኛውም ደብተር እንዲህ አያስተምራቸውም።

የአገሪቱ የትብብር ሥልጠና 70 በመቶው በሥራ ቦታ የሚሰጥ ተግባር እንዲሆን ይጠይቃል። ሰቆታ ይህን ሁሉ ሰልጣኝ የሚቀበል ስንት ጋራዥ አላት? ጓሮ የቆመው መኪና ግን በአንድ ደብዳቤና በአንድ ክሪክ ነገ ሊነሳ ይችላል።