ድሮን ከመስታወቱ ሕንፃ በፊት ለእህሉ ጣሪያ

በሾላ ገበያ እህል፣ በርበሬ፣ ቅቤና ማር ጎን ለጎን ይሸጣሉ። ከገበሬው ማሳ ተነሥቶ ገበያ የደረሰ ምርት ሸማቹ እጅ እስኪገባ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያድረው በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። ስለ ምርት ብክነት ሲነሣ አጨዳው፣ ውቂያውና መጓጓዣው ይጠቀሳሉ፤ ቀና ብሎ ጣሪያውን የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

ጣሪያ ላይ የከረመ አቧራና ቅጠል አሸንዳውን ይደፍናል። ክረምት ሲገባ መውረጃ ያጣው ውኃ ሞልቶ በቆርቆሮው መጋጠሚያና በሚስማር ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። እህል ሳይበላሽ እንዲቆይ እርጥበቱ ከ13 በመቶ ገደማ መብለጥ የለበትም። የራሰ ጆንያ ሻጋታ ያመጣል፤ በበርበሬና በበቆሎ ላይ የሚወጣ ሻጋታ ደግሞ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ይህ መርዝ በተለመደው የቤት ውስጥ መቀቀል ተጠቅልሎ አይጠፋም።

ይህን ጣሪያ ለማጽዳት የሚወጣው ብዙ ጊዜ የቀን ሠራተኛ ነው። በባሕር ዛፍ መሰላል ወጥቶ፣ ያለ ማሰሪያ ገመድ፣ ዝገት በበላው ቆርቆሮ ላይ ይራመዳል። ለአንድ ቀን ሒሳብ ሕይወቱን ያስይዛል ማለት ነው።

በሌላው ዓለም ለእንዲህ ያለ ሥራ ድሮን መጠቀም ተጀምሯል። በላትቪያ ኤሮንስ የተባለው ኩባንያ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ክንፎችን በድሮን ማጠብ እንደሚቻል አሳይቷል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ፓምፑና ውኃው መሬት ላይ ይቀራሉ፣ ድሮኑ ቱቦውን ይዞ ወጥቶ ይረጫል። ሰው መሬት ላይ ቆሞ ይቆጣጠራል።

ይሁን እንጂ ገዝቶ ማምጣት ብቻ በቂ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ድሮን የሚሸከመው ክብደት ይቀንሳል። እንጦጦ ላይ ደግሞ ይብሳል። የሚታጠበው ቆሻሻ ሸቀጥ ላይ እንዳይወርድ ገበያው በማይውልበት ሰዓት፣ ከክረምት በፊት መሠራት አለበት። በመጋዘን ውስጥ ግን ድሮን አይመከርም፤ በአየር ላይ የተበተነ የእህል አቧራ የእሳት ብልጭታ ሲያገኝ ይፈነዳል። የውስጡ ጽዳት የመጥረጊያና የአቧራ መምጠጫ ድርሻ ነው።

አንድ ነጋዴ ለብቻው ድሮን ቢገዛ አያዋጣውም። በአርሲና በባሌ ኮምባይነር በኪራይ ከማሳ ማሳ እንደሚዞር ሁሉ፣ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖችም አንድ ድሮን ይዘው ለገበያዎችና ለመጋዘኖች ቢያከራዩ ያዋጣል። ድሮን ለማስገባትና ለማብረር ፈቃድ የሚጠየቀው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርም ለእንዲህ ያለ አገልግሎት ግልጽና አጭር የፈቃድ መንገድ ሊያዘጋጅ ይገባል።

ዛሬ ጣሪያ የሚወጣው ወጣት እንጀራውን ማጣት የለበትም። ድሮኑም አብራሪ፣ ፓምፕ ጠባቂና ቱቦ ያዥ ይፈልጋል፤ የትኛው ቆርቆሮ እንደሚያፈስ ደግሞ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሥልጠናው ከእርሱ ይጀምር። መሣሪያው የሚመጣው የመስታወት ሕንፃ ለማሳመር ብቻ ከሆነ ግን፣ ገበሬው ዓመት የደከመበት እህል በየክረምቱ በአንድ ቀዳዳ መበላሸቱን ይቀጥላል።