መኪናው የማን ነው?

የጨፋ ልጆች መኪና ይሠራሉ። ማን አስተማራቸው? ማንም አላስተማራቸውም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አስፋልት ከሚሴን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። ሕፃን ልጅ ከእናቱ ጀርባ ሳይወርድ የጭነት መኪና ድምፅ ይለምዳል። በአባቶቻችን ዘመን በዚህ መንገድ ያልፍ የነበረው ኤንትሬ ነው። ኤንትሬ የጣሊያን ፊያት መኪና ነው። ሲመጣ ከሩቅ ይሰማል። ልጆች ከብት ጥለው ሊያዩት ይሮጡ ነበር። ዛሬ ሌሎች መኪናዎች መጥተዋል። ልጆቹ ግን ያው ናቸው። ያዩትን ይሠራሉ።

መጀመሪያ የሚሠሩት ከማሽላ አገዳ ነው። ማሽላ ደግሞ በጨፋ ሞልቷል። የአገዳው ልብ ለስላሳ ነው። ቅርፊቱ እንደ ሚስማር ይወጋል። ስለዚህ ያለ ሚስማር ይጋጠማል። ልጁ ከፍ ሲል ሽቦ ይፈልጋል። ሽቦውን አጣሞ ጋቢና ያወጣለታል። የሰርዲን ጣሳ ካገኘ የጭነት ቦታ ይሆንለታል። ለጎማ ቆርኪ ወይም ያለቀ ሸበጥ አለ። ረጅም ዱላ ያስርበትና እየገፋ ይሮጣል። በአፉም ያጓራል። ያለ ድምፅ መኪና የት አለ?

ዛሬ የምንነጋገረው ግን ስለ እንጨት መኪና ነው። አባት ከልጁ ጋር፣ እናትም ከልጇ ጋር ስለሚሠሩት የውድድር መኪና ነው። ይህ ከሽቦው መኪና በአንድ ነገር ይለያል። የሽቦውን መኪና የሚገፋው ልጁ ነው። ስለዚህ እግረ ፈጣኑ ልጅ ያሸንፋል። የእንጨቱ መኪና ግን ከተጋደመ ሳንቃ ላይ ብቻውን ይለቀቃል። ማንም አይገፋውም። ያን ጊዜ የሚያሸንፈው ሥራው ነው።

እንጨቱ ከየት ይመጣል? ለአሻንጉሊት ብላችሁ ዛፍ አትቁረጡ። አናጢ ቤት የተጣለ ቁራጭ አይጠፋም። ዋንዛ ከተገኘ ለመጥረብ ይመቻል። የደረቀ ቁልቋልም በጣም ቀላል ነው። እርጥቡን ቁልቋል ግን ልጅ አይንካው። ነጩ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። ቁመቱ ከአንድ ስንዝር አይለፍ። ማስመሪያ ካላችሁ 18 ሳንቲ ሜትር በቂ ነው። ማስመሪያውን ማን ያንብብ? ልጁ ያንብብ። ወይም አባትየው ያንብብ፤ እሱም ተምሯልና።

አሁን ወደ ጎማው እንምጣ። መኪናው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ጎማው ክብ ካልሆነ መኪናው ያነክሳል። ክብ ሆኖ ቀዳዳው ከመሐል ከወጣም ያነክሳል። ሰፌድ የምትሰፋ እናት ይህን ከሁላችንም በላይ ታውቃለች። ሥራዋን የምትጀምረው ከመሐል ነው። ለእኛ ግን አንድ ዘዴ አለ። ስኒውን በወረቀት ላይ ድፉ። ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩ። ክቡን ወረቀት ቁረጡ። ለሁለት እጠፉት። እንደገና ለሁለት እጠፉት። ዘርጉት። ሁለቱ እጥፋቶች የተገናኙበት ቦታ መሐሉ ነው። ወረቀቱን በጎማው ላይ አስቀምጡና በሚስማር ምልክት አድርጉ። እንዲህ ሆኖ 4 ጎማ ይወጣል።

ሁለቱን ጎማ የሚያያይዘው ዘንግ ደግሞ ቀጥ ያለ ይሁን። የወይራ እንጨት ጠንካራ ነው፤ ወፍራም ሽቦም ይሆናል። የፊተኛው ዘንግና የኋለኛው ዘንግ ርቀት በቀኝም በግራም እኩል መሆን አለበት። በቀኝ በኩል 11 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በግራም 11 ይሁን። በግራ 10 ከሆነ መኪናው ከሳንቃው ላይ ይወድቃል። ብዙ ልጅ መኪናው ሲወድቅ ሳንቃውን ይሰድባል። ሳንቃው ምን አደረገ?

ሰበቃ የሚባል ነገርም አለ። ሰበቃ ማለት ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ ሌላውን መያዙ ነው። ዘንጉ ሸካራ ከሆነ ጎማውን ይይዘዋል። ስለዚህ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት። ቀጥሎ ሻማ ወይም ሰም ቀቡት። ግራሶ ያለው ሰው ግራሶ እቀባለሁ ይላል። ግራሶ አቧራ ይሰበስባል። ለዚህ ሥራ ሻማው ይሻላል።

ይህ ውድድር በሌላ አገርም አለ። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር እንጽፋለን። በአሜሪካ አገር፣ ኦሃዮ በሚባለው ክፍል፣ ዴይተን የምትባል ከተማ አለች። በ1925 ዓ.ም አንድ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ እዚያ ልጆች በሳጥን በሠሩት መኪና ቁልቁለት ሲወርዱ አየ። ስሙ ማይረን ስኮት ነው። ነገሩ አስደሰተውና ውድድር አዘጋጀላቸው። ልጆቹ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ነው የሚወርዱት። በኋላ ውድድሩ ትልቅ ሆነ፤ አክረን ወደምትባል ከተማም ተዛወረ። ሴቶች ልጆች እንዲገቡ የተፈቀደው ቆይቶ በ1963 ዓ.ም ነው። በ1967 ዓ.ም አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ሁሉንም ቀደመች። አራት ዓመት ብቻ ነው የፈጀባቸው።

ትንሿ መኪና ደግሞ በ1945 ዓ.ም መጣች። ዶን መርፊ የሚባል አባት በካሊፎርኒያ ይኖር ነበር። ልጁ ለትልቁ ውድድር ዕድሜው አልደረሰም። አባትየው አሰበና በእጅ የምትያዝ የእንጨት መኪና ውድድር አወጣ። ለእያንዳንዱ ልጅ የእንጨት ቁራጭና ጎማ ይሰጣል። ልጁ ከወላጁ ጋር ጠርቦ ያመጣል። መኪናዋ ከሳንቃ ላይ ትለቀቃለች። ዛሬም ይህ ውድድር አለ። በደንቡ የመኪናዋ ክብደት ከ142 ግራም አይበልጥም።

እዚህ ላይ አንድ የሆነ ነገር እንንገራችሁ። በነሐሴ 1965 ዓ.ም አክረን ላይ አንድ የ14 ዓመት ልጅ አሸነፈ። ሰው አጨበጨበ። ነገር ግን የልጁ መኪና ገና ከመነሻው ከሌሎቹ ይቀድማል። ዳኞች ተጠራጠሩ። መኪናው በራጅ ታየ። በአፍንጫው ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ማግኔት ተቀብሮ ተገኘ። መነሻው ላይ መኪናዎቹን የሚይዘው መዝጊያ ብረት ነው። መዝጊያው ወደ ፊት ሲወድቅ ማግኔቱ መኪናውን አብሮ ይጎትተዋል። ልጁ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ሲያስደግፍ ማግኔቱ ይበራል። ምክሩ የመጣው ከአሳዳጊ አጎቱ ነበር። አጎቱም አመነ። ሽልማቱ ተነጥቆ ሁለተኛ ለወጣው ልጅ ተሰጠ። ልጁ መሮጥ ነበር የፈለገው፤ ማሸነፍ ያማረው ትልቁ ሰውዬ ነው።

በእኛ ሰፈር ማግኔት የሚቀብር የለም። ሌላ ነገር ግን አለ። እስቲ አስታውሱት።

«አባባ፣ እኔ ልጥረበው።»

«ተው፣ ታበላሸዋለህ። ወዲያ በል።»

ልጁ ወዲያ ይላል። ቁጢጥ ብሎ ያያል። አባትየው ጥሩ እጅ አለው። ቆንጆ መኪና ይወጣል። መኪናው ያሸንፋል። ልጁን ጎረቤት ይጠይቀዋል። «ይህን መኪና ማን ሠራው?» ልጁ «የአባባ መኪና ነው» ይላል። እውነቱን ነው። የእሱ አይደለም። በነጋታው መኪናው ከአልጋ ሥር ይጣላል፤ ልጁም ተመልሶ ወደ ሽቦው ይሄዳል። ሽቦው ጠማማ ነው፤ ግን የራሱ ነው።

እኛ እንዲህ እንላለን። ልጁ ይጥረብ። ከተጣመመ ይጣመም። «አብሽር፣ እንደገና ሞክረው» በሉት። የትልቁ ሰው ድርሻ ሌላ ነው። መጋዝ ሲሳብ እንጨቱን ጠበቅ አድርጎ መያዝ። ቀዳዳ ሲበሳ የጋለውን ብረት ራሱ መጨበጥ። የጋለ ብረት የልጅ ሥራ አይደለም። ቢላዋው ወደ እጅ እንዳይመጣ ማሳየት። ደግሞ ሲጠየቅ መናገር፣ ሳይጠየቅ ዝም ማለት። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል።

ሌላም ድርሻ አለው። ውድድሩን ከአስፋልት ማራቅ ነው። በኩሽኔታ ሳንቃ አስፋልት ላይ የሚንሸራተቱ ልጆች አይተናል። ሾፌር ከመሬት የሚጠጋውን ልጅ አያየውም፤ ቢያየውም የተጫነ መኪና ቶሎ አይቆምም። የጨፋ ሜዳ ዝርግ ስለሆነ ቁልቁለት የለንም ትሉ ይሆናል። ቁልቁለት በግቢ ይሠራል። አንድ 2 ሜትር ሳንቃ ፈልጉ። አንዱን ጫፍ በበርጩማ ላይ አስደግፉት። አለቀ።

መኪናውን ልቀቁ እንጂ አትግፉ። ከሳንቃው እግር ጀምሮ የት እንደ ደረሰ በክንድ ለኩ። የሁሉም መኪና በአንድ ሰው ክንድ ይለካ። የአባት ክንድና የልጅ ክንድ እኩል አይደለምና ጠብ ይመጣል። እያንዳንዱ መኪና ሦስት ጊዜ ይለቀቅ። በደብተር ጻፉት። ለምሳሌ ወንድምየው 9፣ 11 እና 10 ክንድ ሄደለት። እህትየዋ 10፣ 10 እና 11 ክንድ ሄደላት። ደምሩት። የእሱ 30 ነው፤ የእሷ 31 ነው። እሱ «የእኔ 11 ደርሷል» ብሎ ይከራከራል። የእሷም ደርሷል። ደብተሩን አሳዩት።

በሁለተኛው ቀን በመኪናው ላይ ጠጠር ጫኑበት። ብዙ ሰው ቀላል መኪና ይፈጥናል ይላል። ሳንቃ ላይ ብዙ ጊዜ እንዲያ አይደለም። ትንሽ ክብደት መኪናውን ርቆ እንዲሄድ ይረዳዋል። ሲበዛ ግን ዘንጉ ይጎብጣል። ስንት ጠጠር እንደሚበቃ ልጁ ራሱ እየጫነ፣ እየለቀቀ፣ እየጻፈ ያግኘው።

ሳንቃ ከሌለ የበር መዝጊያ ይሆናል። የቤቱን እመቤት ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።