ቆጣሪ የሌለው መራጭ

በፉሪ አንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤት ማብራቱ ብርቅ አይደለም። የግቢው ባለቤት በስሙ ያስገባው ቆጣሪ ለአራትና ለአምስት ተከራይ ይዳረሳል፤ ሲብስም አጥር ተሻግሮ ለጎረቤት ይቀጠላል። ምጣድ የሚጣደው በተራ ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ ሁለት ቤት እኩል ከጣደ ግቢው በሙሉ ይጨልማል። የወሩ ሒሳብ ሲመጣ አከራዩ በግምት ያካፍላል፤ ተከራዩም ተጣልቶ ቤት ከመልቀቅ የተባለውን ይከፍላል።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለአንድ ትንሽ ፓርቲ ከዚህ የተመቸ አጀንዳ ማግኘት ያስቸግራል። አጀንዳው ግን እስካሁን ባለቤት አላገኘም።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉን በየሦስት ወሩ ከፍ የሚያደርግ፣ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ ማሻሻያ ሥራ ላይ አውሏል። የመንግሥት ምክንያት እንዲሁ የሚጣል አይደለም። አሮጌው ዋጋ ወጪውን አይሸፍንም ነበር። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ በዶላር የሚገዛው ዕቃ ሁሉ በብር ሲሰላ ሰማይ ነክቷል። ለድሃውም ታስቦለታል፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ደንበኛ ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፣ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ እርከን በእርከን ይወጣል።

ወረቀት ላይ ያማረ ነው። ሆኖም ታሪፉ የሚያውቀው ቆጣሪን እንጂ ቤተሰብን አይደለም። አምስት ቤተሰቦች በአንድ ግቢ ይኖራሉ እንበል፤ እያንዳንዳቸው በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማሉ። ሁሉም ለየብቻቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ዝቅተኛው እርከን ላይ ናቸው። በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ ግን 225 ይሆናሉና ከ200 በላይ ወዳለው እርከን ይወጣሉ። የራሱ ቆጣሪ ያለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ለድሃ የታሰበውን ዋጋ ሲያገኝ፣ በፉሪ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው የቀን ሠራተኛ በከፍተኛ ተጠቃሚ ዋጋ ይከፍላል። በዚህ ላይ አከራዩ የሚጨምራት አለች። ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ ሲል ይህ ልዩነት በብር እየሰፋ ይሄዳል።

ታዲያ ለምን የየራሳቸውን ቆጣሪ አያስገቡም? አንዱ መልስ ካርታ ነው። አዲስ ቆጣሪ የሚጠይቅ ሰው የይዞታ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ ስንት ሰፈር ከገበሬ በተገዛ መሬት ላይ ያለ ካርታ እንደተሠራ የማያውቅ የለም። በ2015 እነዚህ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ የቤት ፈረሳው ብዙዎችን ሜዳ ላይ አስቀርቷል። እንዲህ ባለ ቦታ ቆጣሪ መጠየቅ ማለት ራስን ለመዝገብ ማጋለጥ ጭምር ነው፤ ስለዚህ ሰው ዝም ብሎ ከጎረቤት ይቀጥላል። ተከራዩ ደግሞ ካርታ ቢኖርም የእሱ አይደለም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ከመስመር ርቆ አይደለም። ከሕዳሴ ግድብ የሚነሳው የ500 ኪሎቮልት መስመር የሚያርፈው ከቡራዩ እምብዛም በማይርቀው ሆለታ ነው። ከሰበታ ተነስቶ ጅቡቲ የሚደርሰው ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ጣቢያው ራሱ ፉሪ-ለቡ ይባላል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ለእሱ ከ2003 ጀምሮ ቦንድ ከገዙት መካከል የእነዚሁ ሰፈሮች መምህራን፣ ነጋዴዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች አሉ። አገሪቱ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች፣ ለጎረቤት አገሮች ኃይል ትሸጣለች፣ ለቢትኮይን አምራቾችም ስትሸጥ ቆይታ በቅርቡ ነው አዲስ ጠያቂ አልቀበልም ያለችው። የፉሪዋ እናት ግን ከሰል ትገዛለች። ሁሉንም ቤት በ2017 መብራት ለማዳረስ በ2010 የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራምም ቀነ ገደቡ አልፎበታል።

ወደ ፓርቲዎቹ እንምጣ። በ2013ቱ ምርጫ ብልጽግና ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 410 መቀመጫ ሲያገኝ፣ ግንቦት 2011 የተመሠረተውና በአገር አቀፍ ደረጃ ብዙ ዕጩ ካቀረቡት አንዱ የሆነው ኢዜማ ያገኘው 4 ብቻ ነበር። አብን 5 አገኘ። በኦሮሚያ ኦነግና ኦፌኮ ባለመወዳደራቸው በብዙ የምርጫ ክልሎች ገዥው ፓርቲ ተፎካካሪ አልነበረውም። ክርክሩም በአብዛኛው ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ፌዴራሊዝም አወቃቀርና ስለ አዲስ አበባ ባለቤትነት ነበር። እነዚህ ትልልቅ ጉዳዮች ናቸው፤ ነገር ግን በነዚህ ጉዳዮች የሰው አቋም ቀድሞ የተያዘ ስለሆነ ከአንዱ ጎራ ወደ ሌላው የሚሻገረው ጥቂት ነው። በፉሪ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ጉራጌኛና ወላይትኛ ተናጋሪ በአንድ ግቢ ይኖራል፤ መብራት ሲጠፋ ለሁሉም እኩል ይጠፋል። የዜግነት ፖለቲካ አራምዳለሁ የሚል ፓርቲ ዜጎችን አንድ ላይ የሚያገኝበት ቦታ ፈልጎ ከሆነ፣ ቆጣሪው ሳጥን ዙሪያ ቆመዋል።

ሕንድ ውስጥ ይህን የሞከረ አለ። አም አድሚ የተባለው የዴልሂ ፓርቲ ሲመሠረት ፈረንጆቹ ኅዳር 2012 ላይ ነበሩ። መሪው አርቪንድ ኬጅሪዋል በቀጣዩ ዓመት የመብራት ሒሳብ ተጋኗል፣ አትክፈሉ ብሎ የረሃብ አድማ መታ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፓርቲው ከ70 የምክር ቤት መቀመጫ 28 አገኘ። ሒሳቡን በግማሽ ቀንሶ የአከፋፋይ ኩባንያዎቹ መዝገብ እንዲመረመር ካዘዘ በኋላ በ49 ቀን ሥልጣን ለቀቀ፤ በ2015 ተመልሶ ሲወዳደር 67ቱን ጠቀለለ። በ2019 በወር እስከ 200 ዩኒት ነፃ አደረገ፣ በ2020 62 መቀመጫ አገኘ። በ2025 ግን ወደ 22 ወርዶ ተሸነፈ።

ከዚህ ታሪክ የኛ ፖለቲከኞች በቀላሉ የሚቀዱት ነፃውን መብራት ይሆናል። ጥሩ ቅጂ አይደለም። ድጎማው ለዓመታት ሲቀጥል የኩባንያዎቹን ሒሳብ የማስመርመሩን ትዕዛዝ ፍርድ ቤት በ2015 ሽሮታል። ማለትም ሰው ሒሳቡ ቀለለለት፤ ሒሳቡ ለምን ከበደ የሚለው ጥያቄ ግን በኦዲት አልተመለሰም። ደግሞም ዴልሂ ለድጎማ የሚሆን ገንዘብ ነበራት። ዛሬ በሰበታ መድረክ ላይ ቆሞ ታሪፉን እሰርዘዋለሁ የሚል ፓርቲ ጭብጨባ ያገኛል፤ ከጭብጨባው በኋላ የተቃጠለውን ትራንስፎርመር በምን እንደሚተካ ሲጠየቅ ግን መልስ የለውም።

የሚያዋጣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ቆጣሪ። የመብራት ውል ከመሬት ይዞታ ይለይ። ተከራይም ይሁን ካርታ የሌለው፣ ነዋሪ መሆኑን አሳይቶ በፋይዳ መታወቂያው በስሙ ቆጣሪ ያስገባ፤ ውሉ ላይም ይህ የይዞታ ማስረጃ አይሆንም ተብሎ በግልጽ ይጻፍ፤ ከተማ አስተዳደሩ ሰነዱ ነገ ለመሬት ክርክር ይቀርብብኛል ብሎ እንዳይሰጋ። ነዋሪው ለፈረሳ መለያ ይሆንብኛል ብሎ እንዳይፈራም መዝገቡ ለሌላ አገልግሎት እንዳይውል በሕግ ይታገድ። ነዋሪ አዋጥቶ ምሰሶና ትራንስፎርመር ከገዛም ያወጣው ገንዘብ ከወርሃዊ ሒሳቡ ይቀነስለት። ይህ ታሪፉን አይነካም። መንግሥት ራሱ ለድሃ ብሎ ያወጣውን ዝቅተኛ እርከን ድሃው እንዲያገኘው ብቻ ነው የሚያደርገው።

በምክር ቤት መቀመጫ ተተርጉሞ ወዲያው ይታያል ማለት አይደለም። የምርጫ ሕጋችን በአንድ የምርጫ ክልል አንደኛ ለወጣው ብቻ ነው መቀመጫ የሚሰጠው፤ በየግቢው የተሰበሰበ ሁለተኛ ደረጃ ባዶ እጅ ያስቀራል። ቤት ለቤት ለመቀስቀስ መታሰርን የማያስፈራ ሁኔታ ያስፈልጋል፤ በኦሮሚያ ተቃዋሚዎች ከምርጫ የወጡት አባሎቻችን ታሰሩ፣ ቢሮዎቻችን ተዘጉ ብለው ነው። ሌላም አደጋ አለ። የቆጣሪው ጥያቄ ሕዝብ ዘንድ መድረስ እንደጀመረ ገዥው ፓርቲ ሊወስደው ይችላል፤ አገልግሎቱ በእጁ ነው፣ ፉሪ ላይ አንድ ወረዳ መርጦ ምዝገባውን ለመጀመር የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ያኔ ጥያቄውን ያነሳው ፓርቲ ድምፁን ያጣል፤ ተከራዮቹ ግን ምጣዳቸውን በአንድ ሰዓት ይጥዳሉ።